አባዬ ከኋላ፣ እኔ ከፊት

ጥር 9
ዛሬ ጎማ ሲጎርፍ ዋለ። አንዱ ሹፌር የከባድ መኪና ጎማ አምጥቶ "ይሄን የሚፈታ ሰው አለ?" ይላል። ሳቅኩበት። ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ፈትቼ፣ ለጥፌ፣ ነፍቼ ሰጠሁት። አፉን ከፍቶ ሄደ። በዚህ ሰፈር ከኔ ሌላ ጎሚስታ አለ እንዴ?

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ደወለች። "አባዬ እንዴት ነው?" ደህና ነው አልኳት። ትናንት ጠፍቶብኝ የድሮው ታክሲ ተራ ላይ እንዳገኘሁት አልነገርኳትም። ዕድሜውን ሙሉ ሚኒባስ የነዳ ሰው ተራውን ቢጎበኝ ምን አለበት? ወረፋው እስኪደርሰው ቆሞ ይጠብቅ ነበር... በካልሲ።

እሷ ያለችበት ከተማ የጭንቅላት ሐኪም አለ፣ ቀጠሮ ይዛለታለች። አምጣው አለች። "ካቃተህ ደግሞ እዚሁ ይቅር።"

ማንን ነው የሚያቅተው?

ጥር 12
በስልኬ ትኬት ቆረጥኩ። በግማሽ ዋጋ! ሰው ዝም ብሎ ይከፍላል እንጂ ላወቀበት ርካሽ አውሮፕላን ሞልቷል። ክሪክ አላመነም። ክሪክ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነው፣ አጭር ሆኖ መኪና ስለሚያነሳ ነው እንደዚያ የምንለው። "ክንፍ አለው ግን?" አለኝ። ቀልደኛ ነኝ ብሎ ነው።

ስልኩ ግን ሲጠይቅ አይደክመውም። ቦርሳ ትጭናለህ? ጨምር። ቀድመህ ትገባለህ? ጨምር። አጠገብ ለአጠገብ ትቀመጣላችሁ? ጨምር። አየር መተንፈሻውን ረሱት እንጂ። ሁሉንም አይ፣ አይ፣ አይ አልኩት።

እትዬ "ኧረ ከአባዬ ጎን ያዝ፣ ብቻውን እንዳይሆን" አለች። "እትዬ፣ እኔ'ኮ ምላስ አለኝ። እዚያው ገብቼ አንዱን አስነሳዋለሁ።" ስልኩን ዘጋችው። እንዲህ ስትዘጋ ደስ አይለኝም።

ጥር 17
መልእክት ላኩ። መነሻው ወደ ንጋት ተዛወረ ይላል። የምናርፈው ደግሞ እትዬ ከተማ ያለው ማረፊያ አይደለም ለካ። ሌላ ነው፣ ከከተማ ውጭ፣ ሜዳ ላይ። ክሪክ ትኬቱን አየና "መጀመሪያም ተጽፏል፣ እዚህ ታች፣ በትንሹ" አለ። ትንሽ ጽሑፍ ማን ያነባል? ልቀይር ብል ቅያሬው ከትኬቱ ይበልጣል።

ለእትዬ አልነገርኳትም። ተሳሳትኩ ማለት አይሆንልኝም።

ጥር 19
እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አውሮፕላን ፈርቼ አይደለም።

ጥር 20
በረራው ነገ ንጋት ነው፣ በነጻ የሚገባው አንድ አንድ ትንሽ ቦርሳ ነው። ዘዴ አለኝ። ልብስ ቦርሳ ውስጥ ምን ይሠራል? ሰውየው ላይ ነው እንጂ! አባዬን ሹራብ፣ ሦስት ጃኬት፣ ከላይ ካፖርት አልብሼ ሞከርኩት። ኪሶቹን በካልሲና በመድኃኒት ሞላሁ። "አንተ ጎረምሳ፣ በረዶ አገር ነው እንዴ የምትወስደኝ?" አለ። ክሪክ አየውና "ከልክ በላይ ነፋኸው'ኮ፣ ይፈነዳል" አለ። ሳቅን። አባዬም ሳቀ።

ጥር 21
ልጻፈው... ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

መግቢያው ላይ ቦርሳ የሚለኩበት የብረት ሳጥን አለ። የኔ እምቢ አለ። በተረከዜ ረገጥ አደረግኩት፣ ገባ። ሰልፈኛው ሳቀ፣ እኔም እጅ ነሳኋቸው። የመጨረሻ ጉራዬ እሷ ነች።

እኔ ሦስተኛ ረድፍ። አባዬ ሃያ ስድስተኛ። መሃል ወንበር፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ። ቀበቶውን በካፖርቱ ላይ አሠርኩለት። በመስኮት በኩል ያለውን ረጅም ሰውዬ "ወንድሜ፣ አባቴ ነው፣ ብንቀያየር..." አልኩት። "ለዚህ ቦታ ጨምሬ ነው የከፈልኩት፣ ወንድም" አለ፣ ረጅም እግሩን እያሳየኝ። በወዲህ ያለችውን ሴትዮ ጠየቅኩ። "እኔም ከባለቤቴ አጠገብ ለመሆን ከፍያለሁ።" ባልየው ከመተላለፊያው ማዶ ፊቱን አዞረ። ጠብም ጭቅጭቅም የለም። ሁሉም የራሱን ገዝቷል። ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ? አስተናጋጇ "ወንድም፣ መንገድ ዘጋህ፣ ወደ ቦታህ" አለች።

"አባዬ፣ ፊት ነኝ። እዚሁ ነኝ።"
"ሂድ፣ ሂድ፣ ረዳት ቦታው በሩ ጋ ነው" አለኝ።

አውሮፕላኑ ተነሣ። የወንበሩን ክንድ ይዤ ዐይኔን ጨፈንኩ። ትንሽ ቆይቶ መናወጥ ጀመረ፣ ጉድጓድ መንገድ እንደገባ መኪና። ማንም ከወንበሩ እንዳይነሣ ተባለ። ዞሬ ሳይ ጭንቅላት ብቻ ነው። የሱ የቱ ነው? ላቤ ጠብ ጠብ ይላል... በአንድ ሸሚዝ። በአንድ ሸሚዝ! እሱስ? በሦስት ጃኬትና በካፖርት፣ ታስሮ፣ ሁለት ሰው መሃል? ያኔ ነው የገባኝ።

ከዚያ ድምፁ መጣ።

"ወራጅ አለ!"

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

"ወራጅ አለ እኮ! ሹፌር! ሞቀኝ፣ አውርደኝ! አይሰማም እንዴ ይሄ ሹፌር?"

ሳቁ ቆመ። አንዲት ሴት ጮኸች። "በሩን ያዘ! ኧረ በሩን!"

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አስተናጋጇ "ተቀመጥ!" ስትል ሰምቻለሁ፣ ትከሻዬ ከስንት ወንበር ጋር እንደተጋጨ እንጃ፣ አሁን በልዟል። አባዬ ቀበቶውን ፈትቶ የኋላውን በር እጀታ በሁለት እጁ ጨብጧል። ፊቱ ቀልቷል፣ አንገቱ በላብ ተነክሯል። ረጅሙ ሰውዬ ወገቡን አቅፎ ይዞታል። አዎ፣ ያው ወንበሩን የከለከለኝ።

በሩ ሰማይ ላይ አይከፈትም አሉኝ በኋላ። እኔ በምን አውቄ? አሁን አባቴ ሊሄድ ነው... በቃ፣ ሊወርድ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት።

"አባዬ! አባዬ፣ እኔ ነኝ!" አየኝ። አላወቀኝም። በዚያች ደቂቃ የማንም ልጅ አልነበርኩም። ምን ልበለው? ምን ይባላል? ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ እንደ ረዳት ጮኽኩ፦

"እዚህ መቆም ክልክል ነው! ትራፊክ አለ! ወራጅ ፌርማታው ጋ!"

ቀስ ብሎ ዞረ። "ትራፊክ?"
"ትራፊክ። ጥጉ ላይ ቆሟል።"
"ቀድመህ አትነግረኝም ነበር እንዴ" አለ። እጁን አወረደ።

ጃኬቶቹን አንድ በአንድ አወለቅኩለት። ሴትዮዋ የከፈለችበትን ወንበር ሳልጠይቃት ለቀቀችልኝ። እስክናርፍ እጁን አልለቀቅኩም። ማን ማንን እንደያዘ አላውቅም።

ስንወርድ ሁለት ጥበቃዎች ጠበቁን። የአባዬን ስም መዘገቡ። የመልስ ትኬቱ ተሰረዘ፣ ከእንግዲህ በነሱ አይበርም። እሱ ግራ ገብቶት "ሒሳብ ከፍለናል አይደል?" ይላቸዋል። እትዬ የከተማው ማረፊያ ነበር የምትጠብቀን። ከሜዳው በአውቶቡስ እየተንገጫገጭን እሷ ጋ ደረስን። አባዬ ትከሻዬ ላይ ተኛ፣ በታመመው በኩል። አላንቀሳቀስኩትም።

ጥር 22
ምሳ ላይ እትዬ "ጉዞው እንዴት ነበር?" አለች።
"አሪፍ።"
አባዬ ከሾርባው ቀና ብሎ "ይሄ ልጅ ሦስት ጃኬት አለበሰኝ፣ ልወርድ ስል በሩ እምቢ አለኝ" አለ።

ስሜን ከረሳ ሰንብቷል። ሦስቱን ጃኬት አልረሳም! እትዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 24
ሐኪሙ "ዛሬ ቀኑ ማን ነው?" ሲለው አባዬ "መንጃ ፈቃድ ነው የምትፈልገው?" አለው። ሐኪሙ ሳቅ አለ፣ ከዚያ ሳቁን ተወ። ብቻውን አይተው አለን። ለአፍታም። አይድንም ወይ ብዬ ልጠይቅ ነበር። አባዬን ክንዱን ይዤ ወጣሁ።

እትዬ ቀን ቀን ዳቦ ቤት ነው የምትውለው። "አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው" አለች። እያየችኝ አልነበረም።

ጥር 26
ሄደን አየነው። ንጹሕ ነው፣ እውነቷን ነው። ሠራተኞቹም ጥሩ ናቸው፣ አባዬን "ጋሼ" ነው የሚሉት። የሱ የሚሆነው ክፍል ግን... በሩ ከውስጥ እጀታ የለውም። "ለራሳቸው ደኅንነት ነው" አለች ኃላፊዋ። አባዬ በሩን በመዳፉ ዳሰሰው፣ ከላይ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። የሚይዘው ሲያጣ ወደኔ ዞረ።

"ረዳት፣ ክፈት እንጂ።"

ሰማይ ላይ እንኳን እንዲህ አልፈራሁም።

ጥር 27
"እኔ እዚህ እቀራለሁ" አልኳት እትዬን።
"ሱቅህስ?"
"ክሪክ ይያዘው።"
"ያን ያህል ለፍተህ የከፈትከውን?"
"ይያዘው አልኩ።"
"አንተ ጉረኛ፣ ስንት ቀን ትችለዋለህ?"
"አላውቅም።"
የምታጥበውን ሰሃን ይዛ ዞረች። አላውቅም ስል ሰምታኝ የምታውቅ አይመስለኝም።

የካቲት 5
የመልሱ በረራ ዛሬ ነበር። የኔው ትኬት ይሠራ ነበር። ወንበሬ ባዶውን ሄደ።

ከእትዬ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለ ጎሚስታ ቀጥሮኛል፣ አባትህ እዚሁ ይዋል ብሎ። ባለቤቱ ከኔ በዕድሜ ያንሳል። "አዲሱ! ቁልፍ አቀብል!" ይለኛል። "እሺ ጋሼ።" እኔ! ዛሬ ከባድ መኪና መጣ፣ ሹፌሩ "ይሄን የሚችል አለ?" አለ። ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ብዬ እፈታለሁ፣ ቀና ብዬ አያለሁ። አባዬ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። እፈታለሁ። ቀና እላለሁ። አለ።

ከሰዓት ላይ ጡሩምባ ተነፋ። ቀና አልኩ። የለም። ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። መንገዱ፣ መኪናው፣ ሰው... የቱ ጋ? እየሮጥኩ ወጣሁ።

አውራ መንገዱ ዳር ቆሞ ወደኋላ የሚመጣ መኪና እያስገባ ነው። "ና፣ ና፣ ና... ወደ ግራህ... በቃ!" ሹፌሩ እጁን አውጥቶ አመሰገነው። አባዬ ኮራ አለ። እንዲህ ሲኮራ ያየሁት ድሮ ነው።

መልሼ አስቀመጥኩት። አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቱ "ሥራ የለም እንዴ?" ሲል ተነሣሁ። ከዚያ የተቀመጠበትን ጎማ እሱ እንዳለበት ጎትቼ ወደምሠራበት አስጠጋሁት፣ ክንዴን ስዘረጋ የሚደርስበት ድረስ።