ኮትህን ለለቅሶ ያወጣሁ መስሏቸው ገቡ

ሙሌ ሆዴ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም፤ ብጠይቅህም አትመልስልኝም። ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰው ሁሉ ጊዜ ያስረሳል ይለኛል። እኔን ጊዜ አደከመኝ እንጂ ያስረሳኝ ነገር የለም። በጣም ደክሞኛል፣ ዋናው ወሬዬ ይኸው ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። በጓዳ በኩል ያለው ቆርቆሮ ዘንድሮ ክረምቱን አልቻለውም፤ ከሥሩ ባልዲ ደቅኜ ነው የከረምኩት። ልጅህ ሕይወት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። በቁመት አልፋኛለች፣ አፏማ ያንተው ነው፤ አንድ ነገር ስጠይቃት ግማሽ ሰዓት ታስረዳኛለች። ሥራዬም ያው ነው፤ ሙዚየሙ ውስጥ ጦሩንና ኮርቻውን እጠብቃለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣ ቆሜ ስውል እግሬ ያብጣል።

ያደከመኝ ሌላ ነው። ያደከመኝ ቅዳሜህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሥዕል ስታስተምር፣ የጠመኔ ብናኝ ስትውጥ ከርመህ፣ ማረፍ ሲገባህ ያችን ባዶ ክፍል ከሙዚየሙ ለምነህ፣ ልጆችን ከነወላጆቻቸው ከዘመናዊ ሥነ ጥበብ ጋር አስተዋውቃለሁ ብለህ ተነሳህ። ከቀብርህ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ልጆቹ መሞትህን ያልሰሙ ይመስል በር ላይ ተኮልኩለው አገኘኋቸው። ምን ላድርግ? ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ከፈትኩላቸው። በዚያው እየከፈትኩ ቀረሁ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጥበብህ ገብቶኝ አያውቅም። ያኔ የተቀደዱ ቢጫ ጀሪካኖች ሰብስበህ ከጣሪያው ላይ ያንጠለጠልክ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ዘይነባ፣ ያቺ ገበያ ዳር ጨርቅ የምትሸጠው፣ ልጇን ልትወስድ መጥታ ከበሩ ላይ አንገቷን አስግጋ የማያፈሰው የቱ ነው ብላ ጠየቀችህ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። አንተ ሳትቀየም ውሃ፣ ጥማት፣ የሴቶች ጀርባ እያልክ ስታስረዳት፣ እሺ እሺ ብላህ ልጇን ይዛ ሄደች። ሁሉም እንደዚያው ነበሩ። ልጆቹን አምጥተው እነሱ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ እንጂ አይገቡም። ወላጅ አብሮ ካልሠራ፣ ልጁ ቤት ይዞት የሚገባው ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው ተብሎ ይጣልበታል እያልክ ትብሰከሰክ ነበር። እስክትሞት ድረስ አንድም ወላጅ ደፉን አልፎ ሳይቀመጥልህ ቀረ።

እኔም በዚህ ወር መጀመሪያ ለአለቃዬ በቃኝ አልኩት። ወሩ ሲያልቅ ክፍሉን ተረከቡኝ፣ ቅዳሜ ማረፍ እፈልጋለሁ አልኩ። አልተከራከረኝም። ለቀሩት ቅዳሜዎች ልጆቹን ምን እንደማሠራቸው ቢጨንቀኝ ደብተርህን ገለጥኩና ጀምረህ የተውከው አንድ ሐሳብ አገኘሁ። ከየቤቱ አንድ አሮጌ ልብስ ይምጣ፣ በገመድ ይሰቀል፣ ልጆቹ የልብሱን ባለቤት ሥለው ከሥሩ ያኑሩ ይላል። ይህስ ቀላል ነው ብዬ አዘዝኳቸው። እነሱ ደግሞ የእርስዎስ የታል ብለው ያዙኝ። የምሰጣቸው ባጣ ከክፍሉ በር ኋላ ግራጫ ኮትህን አወረድኩ። አንተ እንደሰቀልከው ነበር የቆየው። መሃል ላይ አደረግነው።

ስሕተቴን አየኸው? እኔ የከተማ ልጅ፣ ጭራሽ አላሰብኩትም። በገጠሩ ለቅሶ የሟች ልብስ ወጥቶ ይለቀስበት የለም እንዴ! እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ፣ ከተማችንን እንጅባራን ዛሬም በድሮ ስሟ ቆሰበር የሚሉ እናት አሉ። ደረጃው ላይ እንደተቀመጡ በተከፈተው በር ዘልቀው አዩ። የተሰቀለ ልብስ፣ መሃሉ ላይ የወንድ ኮት፣ ዙሪያውን ዝም ብለው የቆሙ ልጆች። ተነሱ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ወዬው እያሉ ገቡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ዘይነባ ኮትህን ስታይ አወቀችው፣ የመምህሩ ነው ብላ ደረቷን ያዘች። የቀበርንህ ዳንግላ ስለነበር አንዳቸውም አልደረሱልኝም ነበር።

ኧረ ለቅሶ አይደለም፣ ሥነ ጥበብ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እንዳንተ ላስረዳ። እማማ ጥሩወርቅ ግን መምህሩ እያሉ እንጂ ስምህን አያውቁትም ኖሮ፣ ስሙን ንገሪኝ ልጄ አሉኝ። ሙሉጌታ አልኩ። በቀብርህ ቀን አንድ እንባ ያልወጣኝ፣ ልቧ ድንጋይ ነው የተባልኩት እኔ፣ ልጆቹ ፊት ተንሰቀሰቅኩ። እሳቸው ስምህን እየጠሩ አለቀሱልህ። ከዚያ ወደ ኮትህ ጠጋ ብለው፣ ብርድ እኮ ነው እያሉ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉልህ።

ለቅሶው በረድ ሲል ልጆቹ የእኛንም እዩልን እያሉ ወላጆቻቸውን መጎተት ጀመሩ። የዘይነባ ልጅ ያመጣችው የአያቷን ቀሚስ ነበር። ዘይነባ ስለ ሟች እናቷ ለልጇ አውርታላት አታውቅም። ያን ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብላ አወራቻት፤ ልጅቷም እየሰማች የሣለችውን አፍንጫ ታስተካክል ነበር። ማንም ማንንም አላስረዳም፣ ልሂድ ብሎ የተቻኮለም የለም። እኔ ጥግ ይዤ፣ ዓይኔ አብጦ፣ ሙሌ ይህን ቢያይ እላለሁ። ተናደድኩብህም። ምን ነበረበት ትንሽ ብትቆይ? ይህን ያህል ዘመን የለመንካቸው ሰዎች ለጥበብህ ብለው አይደለም የገቡት፣ ለአንተው ብለው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ተመልሰው አይመጡም ብዬ ነበር፤ መጡ። እማማ ጥሩወርቅ ሰው ቤት እንደሚጣሩት በር ላይ ቆመው፣ እነ ሙሉጌታ! ብለው ተጣሩ። የክፍሉ ስም አድርገውታል። ዘይነባ ደግሞ ለሚመጣው ምን ይዘን እንምጣ ብላ ጠየቀችኝ።

ሰኞ ለአለቃዬ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አልኩት። ጥበብህ ገባኝ ማለቴ አይደለም፤ እግሬም ያው እንዳበጠ ነው። ትረሳኛለች ብለህ ግን አትስጋ። እረሳለሁ ብልስ ማን ይተወኛል? ቅዳሜ ቅዳሜ እነ ሙሉጌታ እያሉ ሲጣሩ፣ በአንተ ፈንታ አቤት፣ ግቡ የምለው እኔ ነኝ።