ልጅ የሌላት ሞግዚት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት 12፡50

ከግራ ጡቴ 80 ሚሊ፣ ከቀኙ 60። ሁለቱም ጠርሙስ ፍሪጅ ገብቷል። ኤልዳና ጠግባ ተኝታለች። የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም መውጣት አለብኝ። መጀመሪያ ግን ትምህርት።

ትምህርቱ ያው የጤ/ጣቢያው ወረቀት ነው። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለስኩ ወር ሞላኝ፣ ሞግዚቷ ሸምሲያም ከገባች ወሯ። በየጠዋቱ አነብላታለሁ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃም ቢሆን የለም። ልጁን ከተቅማጥና ከሳንባ ምች ይጠብቃል። የእናትየዋም ማህፀን ቶሎ ይሰበሰባል፣ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏም ይቀንሳል። የማነበው ስለማላምናት ነው ደብተሬ፣ ላንቺ ምን እደብቃለሁ። ስወጣ ቅቤ ብታልሳትስ? ስኳር በውሃ ብታጠጣትስ?

ዛሬ ጥያቄ ጠየቀችኝ። በአራት ወሩ ጡት የተወ ልጅስ፣ አለች። ቦርሳዬን እያነሳሁ፣ በሽታ አያጣውም አልኳት። ቀጥዬም፣ በአራት ወሩ ጡት የምታስጥለው ምን ዓይነት እናት ናት አልኩ። አንገቷን ደፋች። ትምህርቱ የገባት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ምሳ ሰዓት፣ ቢሮ

የወተት ማለቢያ ፓምፔን ቤት ረስቼ መጣሁ። ቢሮዬ ካለበት ከኦሎምፒያ ቤቴ ካዛንቺስ ሩቅ አይደለም፣ አራት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ኤልዳና ታለቅሳለች። ሸምሲያ ታቅፋት የኔን ወተት በጡጦ ትሰጣታለች። ሹራቧ ፊት ለፊቱ ርሷል፣ ሁለት ቦታ ላይ። ጡጦው የፈሰሰባት መሰለኝ። ከዚያ ልጄን አስተኛች፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ዞረች፣ ሹራቧን ገለጠች። ጡቷን ሲሚንቶው ላይ አለበችው። ውሃ ለቀቀችበት።

ድምፅ ሳላሰማ ወጣሁ። ፓምፑን እንኳ አልወሰድኩም።

ሸምሲያን ያመጣልንን የቡልጋሪያ ሰፈር ደላላ ምን እንዳልኩት ትዝ አለኝ። ልጅ የሌላት፣ ኮተት የሌለባት። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፣ እኔም አልኩ። ሰኞ ደግሞ ያንን ተናገርኳት። ምን ዓይነት እናት ናት፣ አልኳት።

አሁን የወረቀት ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ነኝ። ጡቴ አብጦ ያመኛል። የሷም እንዲህ ያማት ነበር ማለት ነው፣ ወር ሙሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከሰዓት

ለባሌ ለዳዊት ነገርኩት። ዋሽታናለች፣ አለ መጀመሪያ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ዝም በያት። ከነገርሻት ትሄዳለች፣ ከሄደች ሥራሽን ትለቂያለሽ። እውነቱን ነው። በቃ፣ ተስማማሁ። ምክንያትም ደረደርኩ። ራሷ ትናገር። ላሳፍራት አይገባም። ለሷ ያዘንኩ መስዬ ያዘንኩት ለራሴ ነው።

የጠዋቱን ንባብ ትቻለሁ። አጥሚት ሳፈላ አንድ ኩባያ ለሷ ቀዳሁላት። አልተቀበለችኝም። “እሱ ለምታጠባ ነው፣ እትዬ።”

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ጠዋት 1 ሰዓት

የሸምሲያ ሹራብ ደረቅ ነው። ትናንትም ደረቅ ነበር። ኤልዳና ስታለቅስ ሆን ብዬ አየኋት። ምንም የለም።

እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ። ከእንግዲህ የማየው ነገር የለም ብዬ። ስጽፈው ራሴን ጠላሁት፣ ግን ላንቺም ከዋሸሁ ለማን ልናገር ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ምሽት 12 ሰዓት

አስፈቅጄ ኤልዳናን ለማስመዘን ጤ/ጣቢያ ወሰድኳት። ጨምራለች። ነርሷ፣ እየሠራሽ ጡት ብቻ ሰጥተሽ እንዲህ ማሳደግሽ፣ ጎበዝ እናት ነሽ አለችኝ። መቀመጥ አቃተኝ። ማጥባት ያቆመች ጓደኛ አለችኝ፣ ወተቱ ይመለስላት ይሆን አልኳት። ልጁ ቶሎ ቶሎ ከጠባ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ግን ዛሬ ነገ አትበል፣ ቀን በጨመረ ቁጥር ይከብዳል አለች። ካቆመች ስንት ቀኗ ነው ስትለኝ ልጄን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ኤልዳናን ሳላወርድ ለሸምሲያ ነገርኳት። ያየሁትን ሁሉ።

ልጇ ወንድ ነው። ሙባረክ። አምስት ወሩ። አባቱ ዓረብ አገር ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። ልጁ ቡታጅራ እናቷ ጋ ነው፣ የላም ወተት በውሃ እየቀጠነ ይሰጠዋል። በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ይዞታል።

አምጪው፣ እዚሁ ከኛ ጋር ይደግ አልኳት። ነርሷ ያለችውንም ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር።

“መቼ ነው ያወቁት?” አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ሐሙስ፣ አልኳት።

“ወተቴ እስከ እሑድ እኮ ነበረ” አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ጡጦ ልታጥብ ተነሣች።

ዳዊትን አላማከርኩትም፣ ነገርኩት። አለቃዬም ጋ ደውያለሁ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ቡታጅራ እንሄዳለን፣ እኔም አብሬያት፣ ኤልዳናን ይዤ። የሷ ወተት እስኪመለስ ልጁ የኔን ይጥባ ብዬ ልጠይቃት ነው። መኪናው ውስጥ እጠይቃታለሁ። እሺ ካላለችኝም ልጇን ይዘን እንመለሳለን።