የሽንፈት መርዶ

ሰኞ፣ ነሐሴ 2007

ዋሸኋቸው። ገና በሩን ስከፍት የማስታምማቸው ሄር ዶላን (አቶ ዶላን ማለት ነው) ከትራሳቸው ቀና ብለው "አሸነፍን?" አሉኝ፤ "አዎ" አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እኔም አላውቅም።

ውጤቱን ከምኖርበት ከቦናመስ ስመጣ ኡ-ባን፣ የምድር ባቡሩ ውስጥ በስልኬ አይቼዋለሁ። መሸነፍ ብቻ አይደለም፣ መቀጥቀጥ ነው። ትናንት እረፍት ነበርኩ። እሳቸው ደግሞ ትኩሳት ተነስቶባቸው ጨዋታው ሲተላለፍ ራሳቸውን አያውቁም ነበር አሉኝ። ዛሬ ትኩሳቱ ለቋቸው፣ ዓይናቸው ጠርቶ፣ እኔን ይጠብቃሉ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ብዙ አይቆዩም ያላቸው ሰው ናቸው። በየትኛው አፌ ልንገራቸው?

እዚህ ሪደርቫልድ የአረጋውያን ቤት ከተቀጠርኩ ጀምሮ፣ ሳጥባቸውም ሳበላቸውም ወሬያቸው ይኸው የአገራቸው የአየርላንድ ኳስ ነው። እግር ኳስ ይሉታል እንጂ በእጅም ይይዙታል። አሥራ አምስት ሆነው ይገባሉ፣ ለማንም ደሞዝ የለም፣ ሰው ለተወለደበት አውራጃ ይጫወታል እንጂ ለከፈለው አይሄድም። "ስለዚህ ሁላችንም እኩል ነን ይሉናል" ይሉና ይስቃሉ። ምን እኩል አለ! ሕዝቡ ያለው ዋና ከተማው፣ ስፖንሰሩ ዋና ከተማው፣ ከላይ የሚመደበው ገንዘብ ዋና ከተማው። እዚያ በየትምህርት ቤቱ ደሞዝተኛ አሰልጣኝ አለ። በሄር ዶላን አውራጃ ልጆቹን የሚያሰለጥኑት ቄሱ ናቸው፣ እሳቸውም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዋንጫው ሁልጊዜ ወደዚያው ነው። ዘንድሮ ግን የሳቸው አውራጃ ሳይታሰብ ዋና ከተማውን ለመግጠም ደረሰ። "ይቺን ሳልሰማ አልሞትም" ሲሉ ከረሙ።

ሰሟት እንግዲህ።

ከሐሙስ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም ነበር። ዛሬ ሁለት እንቁላል በሉ። እኔ ፍልሰታን እየጾምኩ ዋሽቼ፣ እሳቸው ሲበሉ እያየሁ ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ።

ማክሰኞ

ውሸት ብቻዋን አትቀመጥም ለካ። ዛሬ ማን እንዳገባ ጠየቁኝ። "ቁጥር አሥራ አንዱ" አልኩ። "ግራኙ ልጅ! ብዬ ነበር!" ብለው አልጋውን ደበደቡት። ዝናብ ነበር? ነበር። ሕዝቡ ሜዳ ገባ? ገባ። ሐኪሙ ሳይቀር እጃቸውን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው። እኔ አንሶላ እየቀየርኩ አንገቴን ደፋሁ።

ከምሳ በኋላ "ወንበር አምጪ" አሉኝ።

"ለማን?"

"ለልጆቹ። ከመጡ ጀምሮ ቆመዋል።"

ልጆቹ የሚሏቸው በወጣትነታቸው በመንደራቸው ክለብ አብረዋቸው የተጫወቱትን ነው። አሥራ አራቱም ሞተዋል፤ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። መስኮቱ ስር በሰልፍ ቆመዋል ይላሉ፣ ዝናብ መትቷቸው። ሥልጠና ላይ፣ የታመመ ሰው እንዲህ ሲል አትካዱት፣ አዎም አትበሉት ብለውናል። ወንበር አመጣሁ። አስቀመጥኩና ዞር ብዬ አማተብኩ።

ሄር ዶላን ወደ መስኮቱ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። "አላመኑሽም" አሉኝ፣ በቀስታ። "ማሸነፋችንን ነግሬያቸው ነበር። ግን አላመኑም።"

ክፍሉን ለቅቄ ስወጣ ጀርባዬ ላይ ዓይን ነበር። ብዙ ዓይን።

ረቡዕ

አልተኛሁም። ሊፍት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ መቁጠር ጀምሬያለሁ፤ ለምን እንደምቆጥር ራሴን ስጠይቅ መልሱ ያስፈራኛል።

ለእትዬ ለተብርሃን ነገርኳቸው። ወጥ ቤት ነው የሚሠሩት፣ ኤርትራዊት ናቸው፣ ጡረታቸው ደርሷል። ድስት እያጠቡ ሰሙኝ። "መርዶ ደበቅሽ በይኛ" አሉ።

"እትዬ፣ ኳስ እኮ ነው።"

"ለማን ነው ኳስ? ላንቺ ነው ለሳቸው?"

 እትዬ ለተብርሃን የአባቴን ነገር ያውቃሉ። አባቴ ሲሞት እኔ እዚህ ጥገኝነት ጠይቄ ስደተኛ ካምፕ ነበርኩ። ብቻዋን ናት፣ ትጎዳለች ብለው ቤተሰቦቼ ደበቁኝ። ስደውል ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ስደውል ተኝቷል፣ ስደውል ጎረቤት ለቅሶ ደርሶ ይመጣል። በዚህ መሃል ሥራ አግኝቼ ጫማ ላክሁለት። ቡናማ፣ ቆዳ፣ ከመጀመሪያ ደሞዜ። እናቴ "ልክ ሆነለት፣ ወደደው" አለችኝ። ከአፈር በታች ነበር።

አልተቀየምኳትም። ይኸው ነው ወጋችን፣ ለሰው ማዘን ነው። ጫማው ግን ይሄድብኛል። ደረጃ ላይ ኮቴ ስሰማ ማን እንደሆነ ሳላይ በሬን አልዘጋም። ለአባቴ ያላለቀስኩበት ጊዜ፣ እየሳቅሁ "ሰላም በሉልኝ" ያልኩበት ጊዜ፣ ከየት ይመለሳል?

ሐሙስ

የሄር ዶላን የወንድም ልጅ ከአየርላንድ መጣች። ኖራ ትባላለች፤ ትልቅ ሴት ናት፣ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ገና ሳታቅፋቸው "አሸነፍን!" አሏት። ቀና ብላ አየችኝ። ክው አልኩ።

"አዎ አጎቴ፣ እንዴት ያለ ቀን ነበር" አለች።

ኮሪደር ላይ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር እጄን ይዛ አለቀሰች። ደግ አደረግሽ አለችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ ብላ ቀስ እያለች፣ የባሰውን ነገረችኝ። የመንደራቸው ክለብ የለም። ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ አውስትራሊያ ሄዱ፣ አሥራ አምስት የሚሞላ ጠፋ። ለአሰልጣኝ ቀርቶ ለሜዳው መብራት የሚከፍል የለም። አዳራሹ ተቆለፈ። የተረፉት ልጆች ከወንዝ ማዶው ክለብ ጋር ተቀላቀሉ።

የወንዝ ማዶዎቹ! ሄር ዶላን ስማቸውን ሲጠሩ እንኳ ፊታቸው የሚጠቁርባቸው ሰዎች።

"ዋና ከተማው ዋንጫ ሲያነሳ አገር ያያል" አለች ኖራ። "እኛ ስንጠፋ ግን ማንም አላየንም። እንዳትነግሪያቸው። ይሄን ይዘው አይሂዱ።"

ቃል አልሰጠኋትም። አንገቴን ግን ነቀነቅኩ፣ እሷም እሺ ያልኩ መሰላት። አሁን ሁለት ተሸክሜያለሁ።

ዓርብ

ዛሬ ከቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ አንድ ነገር እንዳወርድ አዘዙኝ። ወፍራም ቀይ ማሊያ፣ ብብቱ ጋ ብል የበላው። ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱት። ለኖራ ሰጧት።

"አዳራሹ ውስጥ ስቀዪልኝ። ከዋንጫዋ አጠገብ። አንዲት ናት ያለችን፣ ቦታ አይጠፋም።"

"እሰቅለዋለሁ" አለች። አጣጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እጇን አየሁ። እናቴም ያንን ጫማ የተቀበለችው እንዲህ ይሆናል፤ አጥፋ፣ ደብቃ፣ እያዘነች።  ሄር ዶላን ፊታቸው በርቶ "አሁን መሄድ እችላለሁ" አሉ። በእኛ ሥራ፣ የታመመ ሰው በሰላም እንዲህ ሲል መስማት ጸጋ ነው። ዛሬ ግን ፈራሁ፤ በሌለ አዳራሽ ተማምነው ሊሄዱ ነው። እዚያ ሲደርሱ አሥራ አራቱ ምን ሊሏቸው ነው?

ነገ ለሄር ዶላን እውነቱን እነግራለሁ ብዬ ለእትዬ ለተብርሃን ነገርኳቸው። አልተቃወሙኝም። "እንደ ወጉ አድርጊው" አሉ። "በጠዋት። ከበሉ በኋላ። ቆመሽ እንዳትናገሪ። ብቻሽንም አይደለም፣ እኔ እቀመጣለሁ።"

ለኖራ ደወልኩ። ጮኸችብኝ። ምን መብት አለሽ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምንም መብት የለኝም።

ቅዳሜ

ጾሙ ተፈታ። ቅዳሴ አልሄድኩም፣ ፍሩሺሽት፣ የጠዋት ተረኛ፣ ነበርኩ።

ገንፎ አበላኋቸው፣ አፋቸውን ጠረግሁ። እትዬ ለተብርሃን ሽርጣቸውን አውልቀው፣ ነጠላ አጣፍተው ገቡና ተቀመጡ። ሄር ዶላን አንድ ጊዜ አይተዋቸው "ማን ሞተ?" አሉ።

ተቀመጥኩ። ዋሽቼዎታለሁ አልኩ። እሑድ ተሸንፋችኋል።

"በስንት?"

ነገርኳቸው።  "እንደ ወትሮው" አሉ። "ምን ዋሸሽኝ? ሽንፈት ለኔ አዲስ ነው?" አልተቆጡም፣ ይልቅ የደከማቸው ይመስላል። እትዬ ለተብርሃን ቀጥይ በሚል ዓይን አዩኝ።

የክለቡን ነገርኳቸው። ወጣቶቹ እንደሄዱ፣ አዳራሹ እንደተቆለፈ፣ የተረፉት ከሌላ ክለብ እንደተቀላቀሉ። "ከማን ጋር?" ብለው ጠየቁ። ከወንዝ ማዶዎቹ ጋር አልኩ። ደግመው ጠየቁ፣ ደግሜ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ውጪልኝ" አሉ።

ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እትዬ ለተብርሃን አብረዋቸው ቀሩ፤ የሚያወሩበት ቋንቋ እንኳ በቅጡ የላቸውም፣ ግን ቀሩ። ኖራ ሻንጣዋን እየጎተተች ልትሰናበት ስትመጣ ፊቴን አይታ ገባት። አንድ ቃል ሳትናገረኝ አልፋኝ ገባች። የሳቸውን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የሷን። 

በሩ ተከፈተ። ግቢ ተባልኩ።

ማሊያው ከቦርሳው ወጥቶ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል። ሄር ዶላን የኖራን ስልክ ይዘዋል። የተቀላቀለው ክለብ ልጆች ፎቶ ነው፣ ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ የለበሱ። ሄር ዶላን አልቅሰው ዓይናቸው አብጧል።

"ይሄን ቀለም የመረጠው ማን ነው? እንዴት ያስጠላል" አሉ።

ኖራ አፍንጫዋን እየጠረገች ሳቀች። ስልኩን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ አልሰጧትም። አንዱን ልጅ በጣታቸው አጉልተው አዩት። ቀጥለው ሌላውን። "ይሄ የማን ልጅ ነው?" አሉ፣ ነገረቻቸው። የሚቀጥለውንም ጠየቁ። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ቆዩ፣ ታክሲዋ ታች ይጠብቃል።

"መቼ ነው የሚጫወቱት?" አሉ።

"ነገ" አለች ኖራ።

ስትወጣ በሩ ላይ አቀፈችኝ፤ ይቅር አለችኝ ማለት ይሁን አይሁን አላውቅም። ሜዳው ዳር ሆና ልትደውልልኝ ተስማምተናል። ከሰዓት በኋላ የሄር ዶላን ትኩሳት ተመልሷል። ነገ እረፍቴ ነበር፣ እገባለሁ ብያለሁ። ኖራ የምትለኝን እንዳለ ነው የምነግራቸው።