እድርተኛው ፊልም ያየ ዕለት

ሚዛን ተፈሪ
ሰኔ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለበዛብህ፣ ቴፒ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ዝናቡስ እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ለደብዳቤ ወግ እንዳይመስልህ፤ በጣም ደህና ነኝ። አምና ተጣልተን "ያለ እኔ ይህ ቪዲዮ ቤት አንድ ክረምት አይዘልቅም፤ ቴሌቪዥኑንም ዴኩንም ሸጠን ቴፒ እንግባ" ብለህ እምቢ ስልህ ጥለኸኝ ስትወጣ፣ እንዲህ ብዬ እጽፍልሃለሁ ብለህ አላሰብክም መቼም። ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ፤ ቤቱም አለ፣ እኔም አለሁ። ጣራው ብቻ በበሩ በኩል ያፈሳል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጀይላን ነው፤ አይሱዙው ጭቃ ካልያዘው። የእኛን ሰፈር ወሬ እሱ ቅቤ ቀብቶ ከሚነግርህ ከእኔ ስማው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ግድግዳ የምንጋራት ማናልሞሽ እናቷን ቀበረች። ነፍሳቸውን ይማር። ድንኳኑ የተተከለው ከእኛ በር አጠገብ ነበር። እኔም ድምፅ ማጉያውን ነቅዬ፣ ቤቱን ቆልፌ፣ ውሃ ስቀዳና ወጥ ስሠራ ዋልኩ፤ ለቀብሩም ከሁሉ ቀድሜ ወጣሁ። የዘነጋሁት አንድ ነገር ነው። ለቅዳሜው ፊልም ብዬ ካርቶን ላይ በከሰል የሳልኩትን ማስታወቂያ ከግድግዳው አላወረድኩትም።

ፊልሙን አንተም ታውቀዋለህ፤ ያ የድሮው የእንግሊዞች ፊልም ነው። ባርኔጣ ያጠለቁ ሰዎች ግብፅ ወርደው መቃብር ይቆፍሩና በጨርቅ የተጠቀለለውን ሬሳ በመርከብ አገራቸው ይወስዱታል፤ እሱም ተነሥቶ አንድ በአንድ ያንቃቸዋል። አንተ "ሙሚው" ትለው ነበር፤ የእኛ ተመልካች ግን "ግንዙ" ነው የሚለው። የሳልኩትም እሱን ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ የተገነዘ፣ እጁን ዘርግቶ የሚሄድ። ደግሞ አሳምሬ ነው የሳልኩት!

እንግዲህ አስበው። ሰው ሬሳ ገንዞ፣ ቀብሮ፣ እያለቀሰ ሲመለስ ከድንኳኑ ጎን የተገነዘ ሬሳ ተነሥቶ ሲሄድ ያያል። ማናልሞሽ እዚያው ካርቶኑ ሥር ወደቀች። "አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ እናቴን ተሳለቀችባት!" ስትል ሴቶቹ እንደገና ለቅሶውን አቀለጡት። ሮጬ ካርቶኑን ብቀዳድደውስ ማን ይስማኝ?

ከሰልስቱ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አሁንም አቶ ወልደጻድቅ ናቸው፤ ደንብ ካሉ አለቀ፣ ታውቃቸው የለ። "በሙት የተሳለቀ ከእድር ይወጣል" አሉ። በዛብህ፣ የዚህን ነገር ክብደት ላንተ አልነግርህም። ከጎጃም ያመጣኸኝ አንተ ነህ፤ እዚህ ሥጋ ዘመድ የለኝም። ከእድር የወጣ ሰው ሲታመም ማን ይጠይቀዋል? ሲሞትስ ማን ያነሣዋል? እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ሰዓት አጠገቤ እንድትሆን ፈለግሁ። ግን አልነበርክም።

ምላሴ እንደሆነ አልከዳኝም። ብድግ ብዬ "አባቶቼ፣ ሳያዩ አይፈረድም። እሑድ ከሰዓት ኑና ፊልሙን እዩት። ሙት ላይ የሚሳለቅ ሆኖ ካገኛችሁት ማንም ሳያስወጣኝ ራሴ እወጣለሁ" አልኳቸው። አቶ ወልደጻድቅ በዕድሜያቸው ፊልም አይተው አያውቁም፤ ውስጥ ውስጡን ጓጉተው ነበር መሰለኝ፣ "ማስረጃ ማየት በደንቡ አለ" ብለው ፈቀዱ።

እሑድ ቤቱ ጢም አለ። ሽማግሌዎቹ ከፊት አግዳሚው ላይ፣ ማናልሞሽ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። አንተ ትቆምበት በነበረው ቦታ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ በስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ! እንዳንተ ግን ከኪሴ አልጨመርኩበትም። ያልገባኝ ቦታ ስደርስ "ይህ አልገባኝም" እያልኩ አለፍኩ፤ ማንም ቅር አላለው።

መቃብሩ ሲከፈት ምን ሆነ መሰለህ? አቶ ወልደጻድቅ ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ቤቱ በሙሉ ተነሣ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ "ኧረ ጋረዳችሁን!" ቢል "ሬሳ እየወጣ ትቀመጣለህ እንዴ፣ አንተ ባለጌ!" ብለው እሱንም አስነሡት። ግንዙ ሳጥን ገብቶ እስኪከደንበት ድረስ ቆመን አየን። እኔም ቆሜ እየተረጎምኩ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ግን ከልባቸው ስለነበር አፈርኩ።

ሲያልቅ አስተያየት ተጠየቀ። ጀይላን ቀደመ። "እኔን የሚገርመኝ ሰዎቹ ናቸው" አለ። "እንዲህ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ እንዴት ያዛቸው? ሮጠው አያመልጡም? ደሙም ደም አይደለም፣ የቲማቲም ድልህ ነው።" ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከገጠሩ፣ ከሸዋ ቤንች ወረዳ ቡና የሚያመጣልን ታፈሰ ግን አልሳቀም። "አያቴ የተቀበረበት ቦታ ዙሪያው ለቡና የሚሆን መሬት ነው" አለ። "አባቴ አልነካውም፣ እኔም አልነካሁትም። እነዚህ ባሕር ተሻግረው የሰው አያት ይቆፍራሉ? ይነቃቸው! ደግ አደረገ።"

አቶ ወልደጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው እድር የለውም እንዴ? ያን ሁሉ መንገድ ሲወስዱት አንድ 'ወዴት ነው?' ብሎ የሚጠይቅ ይጥፋ?" አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ማናልሞሽ ዞረ፤ ፍርዱ የእሷ ነበርና። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። "እኔ ጭራቅ ነበር የመሰለኝ። ለካ አገሩን ያሳጡት ሰው ነው። በመጨረሻ እሳት ውስጥ ገብቶ ሲያልቅ እንኳ የሚያለቅስለት አላገኘም። የእኔ እናት ግን ሰው ነበራት። ይህቺ ወሰንየለሽ ከእነሱ አንዷ ናት፤ እናቴ አልጋ ላይ ስትውል እግሯን ታጥብልኝ የነበረች እሷ ናት። ሥዕሉን ሳየው ደነገጥኩ እንጂ፣ እሷስ አልተሳለቀችም" አለች። መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ተላቀስን፤ ለእናቷም ለግንዙም መሰለኝ።

በዚህ አበቃ ስል አቶ ወልደጻድቅ "አንድ ነገር ይቀረናል" አሉ። "የዚህ ቤት እድር ያለው በበዛብህ ስም ነው። በዛብህ ለቅሶ ከደረሰ ዓመት አልፎታል፤ በደንቡ ይወጣል። ከእንግዲህ አባላችን ራሷ ወሰንየለሽ ትሁን።" ሰዉ "ይሁን!" ብሎ አጨበጨበ። በራሴ ስም፣ በዛብህ! በእኛ እድር ባሏ ሳይሞት በስሟ የገባች ሴት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ቤቱን ይዤ መቆየቴ ያኮራኝ ነበር፤ ይህ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። አሁን ስጽፍልህም ደስታው አልለቀቀኝም።

"እንግዲህ አባል ሆነሻል" አሉ አቶ ወልደጻድቅ፤ "በስምሽ የምንቀብርልሽ ቤተሰብ አለሽ? ወይስ ብቻዋን ናት ብለን እንጻፍ?"

"ብቻዬን ነኝ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እንዲያ ብል የሚፈርድብኝ አልነበረም፤ ኩራቴም የሚፈልገው ያንን ነበር። ያልኩት ግን "ባል አለኝ፣ ቴፒ ነው" ነው።

"ይመጣል?" አሉኝ።

"እሱን እሱ ይመልስ" አልኳቸው።

እንድትመጣልኝ አልለምንህም። የሆነውን እንድታውቀው ብቻ ነው። በሄድክበት ሁሉ እግዚአብሔር ይከተልህ፤ ከወባም ከክፉ ሰውም ይሰውርህ። ዕድሜህን ያርዝመውና፣ ቀንህ ሲደርስ ግን የሚያነሣህ የእኔ እድር ነው።

ወሰንየለሽ