ሚዛን ያከሳል አላልኩም

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

«አንጋፋው የሚዛን ሊቅ እንደሚሉት፣ ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጥሩ ሚዛን ይግዛ፤ ጥሩ ሚዛን ራሱ ያከሳል።»

ከአንድ ድረ ገጽ ላይ ቃል በቃል ገለበጥኩት። ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። «የሚዛን ሊቅ» የሚለውን ሲጫኑት የኔን ድረ ገጽ ይከፍታል። ሊቁ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ሲጀምር እንደማንኛውም ሰኞ ነበር። ወርክሾፑን ከፈትኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ (ነፋስ እያለ የላብራቶሪ ሚዛን አይፈተሽም)፣ የወርቅ ሠሪውን ሚዛን ፈትቼ ማጽዳት ያዝኩ። ስልክ ጮኸ። ሴት ናት።

«ሊቁ እርስዎ ነዎት?»

«የምን ሊቅ?»

«ሚዛኑን ገዛሁ። በቀን ስንት ጊዜ ልቁምበት? ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

ቀልድ መሰለኝ። አልነበረም። የት እንዳነበበችው ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። ስለ ፀጉር መርገፍ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ቁማር የሚጽፍ ገጽ ነው። ከፀጉሩ በታች፣ ከቁማሩ በላይ... እኔ።

ፊዚክስ የተማርኩት ለዚህ ነው?

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

የማን ሥራ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ባለፈው ወር የሚስቴ ወንድም አንድ ሰውዬ ይዞብኝ መጣ። ድረ ገጽ አስተዋዋቂ ነው። ስሙን አልጽፈውም። «አንደኛ ገጽ» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርስ አንደኛ ገጽ እለዋለሁ።

«ጋሼ፣ ድረ ገጽዎ ቆንጆ ነው። ግን ፍለጋ ሲደረግ ሰባተኛ ገጽ ላይ ነው የሚመጣው። ሰባተኛ ገጽ መቃብር ነው።»

«ሚዛን እንዴት እንደሚፈተሽ አንድ በአንድ ጽፌበታለሁኮ።»

«ፍለጋው ጽሑፍዎ ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም። የሚያየው ስንት ሌላ ገጽ ወደ እርስዎ ሊንክ እንዳደረገ ነው። ብዙ ሰው ከጠቆመዎት፣ ይሄ ሰው የሚታመን ነው ብሎ ወደ ላይ ያወጣዎታል።»

«ማነው የሚጠቁመኝ?»

«እኛ እናስጠቁማለን።» እሺ አልኩት።

ዛሬ ደወልኩለት። አልኩ የተባልኩትን አላልኩም አልኩት።

«ጋሼ ደግሞ፣ ማን ያነበዋል ብለው ነው? ጽሑፉኮ ለሰው አይደለም፣ ለፍለጋው ነው።»

«ሴትዮዋ አንብባ ሚዛን ላይ ቆማለች።»

«እሷ በስህተት ነው ያነበበችው።»

በስህተት ነው ያነበበችው... ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ስሰማው የኖርኩት ተረት ነበር። አሁን መሥሪያ ቤት ከፍተውለታል።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ፈልጌ ፈልጌ ብዙ አገኘሁ። የጥርስ ማንጫ ገጽ ላይ አለሁ። ያገለገሉ መኪናዎች ገጽ ላይ አለሁ። የሕልም ፍቺ ገጽ ላይም አለሁ፦ «በሕልምዎ ሚዛን ካዩ ሊቁን ያማክሩ፤ ያከሳል።» ሕልሙ ነው የሚያከሳው ወይስ እኔ? ሰዋስው እንኳ የላቸውም።

ዝም ማለት መስማማት ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ አስተያየት መስጫው ላይ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። «ሚዛን ያከሳል ብዬ አላውቅም። ሚዛን ያከሳል የሚል ሰው ሚዛን ምን እንደሆነ አያውቅም። ሚዛን ይለካል።» ከሥሩ ሙሉ ስሜን፣ ሙያዬን፣ የድረ ገጼን አድራሻ። ሰው ሲጽፍ ማን እንደሆነ ይግለጽ። ባለቤት የሌለው ጽሑፍ ሐሜት ነው።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

መልሴን ሁሉም ገጻቸው ላይ አወጡልኝ። ሙሉውን፣ አንድ ፊደል ሳይነኩ። ለካ ጨዋ ሰው ጨርሶ አልጠፋም።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ስልኩ ብሶበታል። ለምን? አስተባብዬ የለ?

ምሳ ላይ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። አንዱ «በሚመጣው ሳምንት ወንድሜን እድራለሁ፤ ቶሎ የሚያከሳውን ሚዛን ስጠኝ» አለ። እንዲህ ያለ ሚዛን የለም አልኩት። ሲያልቅ ነው እንዲህ የምትሉት አለኝ።

«ዝጋዋ ስልኩን» አለች ሚስቴ።

«የደንበኛ ስልክ ነው። ወንድምሽን በይው።»

«ወንድሜን ተወው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ቤቱ ሚዛን፣ አልጋ ሥር ሚዛን፣ ኩሽና ሚዛን... እኔ ለምን አልከሳሁም?»

ሳቋ እስከ ጓሮ ተሰማ። ሳህኑን ገፍቼ ወጣሁ። ወጥቼም ወዲያው ተመለስኩ፤ ርቦኝ ነበር።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

የሆስፒታሉ ዋና ፋርማሲስት ደወለች። የመድኃኒት ክፍሉን ሚዛኖች በየዓመቱ የማስተካክለው እኔ ነኝ። የሕፃናት መድኃኒት የሚመዘነው በነሱ ነው። ትንሽ ከሳቱ ማን እንደሚጎዳ ለሁለታችንም መንገር አያስፈልግም።

ገና ሰላም ስትለኝ ድምፅዋ ከበደኝ።

«ኮሚቴው ውልዎን ሊያድስ ተቀምጦ አንዱ ስምዎን ስልኩ ላይ ፈለገ።»

«እና?»

«እና... ያከሳል የሚል መጣ።»

የያዝኩትን መፍቻ አስቀመጥኩ።

«እኔ ሥራዎን አውቃለሁ» አለች። «እነሱ ግን ሚዛን አይተው አያውቁም፤ የሚያውቁት ስልካቸውን ነው። ወይ ሰውየው አጭበርባሪ ነው፣ ወይ ጃጅቷል ነው የሚሉት።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ተከራከርኩ። ቃሉን የፈጠረው ሰው ራሱ አምኖ በጽሑፍ ይስጥ አሉ። ረቡዕ ግንቦት 20 ይሰበሰባሉ። ያለዚያ ሥራው ለዚያ ለሱቁ ሰውዬ ይሄዳል።»

የሱቁን ሰውዬ አውቀዋለሁ። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ነው የሚሸጠው። ሲፈትሽ አይቼዋለሁ፤ የስኳር ከረጢት ያስቀምጥበታል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አምኖ። በስኳር ከረጢት የተስተካከለ ሚዛን ላይ የሕፃን መድኃኒት...

የወርቅ ሠሪውን ሚዛን ለነገ አሳደርኩት።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

አንደኛ ገጽ ቢሮ ሄድኩ። ግድግዳው መስታወት፣ አበባው ፕላስቲክ። ወንበር የለም። መሬት ላይ የተዘረጋ ትልልቅ ትራስ አለ፤ ሲቀመጡበት ጉልበት ከጆሮ እኩል ይሆናል። እንደዚያ ተቀምጦ መቆጣት ከባድ ነው። ሆን ብለው ይሆን?

እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። አንደኛ ገጽ። ከአንደኛ ገጽም አንደኛ።»

ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን አሳየኝ። «ክብደት ለመቀነስ» ብሎ ጻፈ። እኔ መጣሁ። ከሐኪሞቹ በላይ።

«እናንተ ናችሁ ይህን ያደረጋችሁት?»

«እውነቱን ልንገርዎት? የኛ ሊንኮችማ ሰባተኛውን ወደ አምስተኛ ነው የገፉት። ከዚያ እርስዎ ገቡበት።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«መልስ ጻፉዋ። በየገጹ። ‹ሚዛን ያከሳል› የሚለውን በያንዳንዱ መልስ ሁለት ጊዜ አስገብተው፣ ከሥሩ አድራሻዎን አስቀምጠው። አድራሻው ሊንክ ሆነ። ፍለጋው ‹አላልኩም›ን ከ‹አልኩ› አይለይም፤ ቃሉንና ሊንኩን ነው የሚያየው። በዚያ ላይ የተናደደ ሰው ጽሑፍ ስለሆነ ሰዉ እየተቀባበለ አነበበው። ለሠራተኞቼ እያስተማርኩበት ነው፤ የጋሼ ዘዴ ብለነዋል።»

የጋሼ ዘዴ።

ለመነሣት ሞከርኩ፣ ትራሱ ያዘኝ። ሰውየው ክንዴን ይዞ አነሣኝ። በእጁ ተደግፌ ነው እንግዲህ የተቆጣሁት።

«ቃሉን እኛ ፈጠርነው፣ እሳቸው አላሉም ብለህ ጻፍልኝ። ለሆስፒታሉ።»

«ጋሼ፣ ይሄማ ስማችንን ያጠፋዋል።»

ስማችንን አለኝ። ዓይኔን እያየ።

«ከፈለጉ» አለ ሊሸኘኝ ሲወጣ «ማስተባበያ በብዙ ገጽ እናውጣልዎ። ከሊንክ ጋር።»

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

እንደገና ማስተባበያ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። ግማሽ ላይ ደርሼ የማደርገው ገባኝ። አጠፋሁት። ከተማርኩት ሁሉ ይህች ከበደችኝ... እውነት ተናግሮ ዝም ማለት።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ድረ ገጹን ዘጋሁት። አፈታተሹን ሁሉ የጻፍኩበትን። ከመዝጋቴ በፊት ግን በወረቀት አትሜ አንዱን ቅጂ ለፋርማሲስቷ ወሰድኩላት። ቆማ አነበበችው፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «ግንቦት 20 ስብሰባው ላይ ይዤው እገባለሁ። የሰውየውን ደብዳቤ ግን ያምጡልኝ» አለች።

የሚስቴ ወንድም እየሮጠ መጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ምነው? አንደኛ የወጣ ገጽ ይዘጋል እንዴ?»

«አንደኛ የወጣው እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

«እሱን ጓደኛህን ጠይቀው። ነገ አብረን እንሄዳለን፤ አንተ ምስክር ትሆናለህ።»

መሄድ አልፈለገም። እህቱ አየችው። እሺ አለ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ሄድን። ትራሱ ላይ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ደብዳቤዬን አነበብኩለት፤ የሚስቴ ወንድም አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያያል። ሁለት ቅጂ ነው፤ በአንዱ ላይ ተቀብያለሁ ብሎ ፈረመልኝ። በእጄ የጻፍኩት ነው፣ ግልባጩ ይኸው፦

«ድርጅታችሁ በስሜ ያወጣውን ቃል እኔ አልተናገርኩም። ቃሉን የፈጠራችሁት እናንተ መሆናችሁን፣ ያስወጣችሁባቸውን ገጾች ዝርዝርና የምታነሡበትን ቀን፣ በኃላፊ ፊርማና በማኅተም ጽፋችሁ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። ሥራዬን ብቻ አይደለም ያናጋችሁት፤ እኔ በማስተካክለው የሆስፒታል ሚዛን ተመዝኖ መድኃኒት የሚሰጣቸው ሕፃናት አሉ። የስልክ መልስ አልቀበልም። ገጽ ላይ የወጣ ይቅርታ አልቀበልም። አድራሻዬ ከዚህ በታች ያልተጻፈው ረስቼው አይደለም፤ ወርክሾፑን ታውቁታላችሁ፣ በእግራችሁ ኑ። የጽሑፍ መልሳችሁን እስከ ዓርብ ግንቦት 15 ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በወረቀት እጠብቃለሁ።»