አፉ ወደ ዝናብ የዞረው ቀፎ

ይድረስ ጅግጅጋ ላለችው ለእህት ዓለሜ ለብርቅዬ፦

ስልክ በኪሱ ይዞ የሚዞር ልጅ ምን ነክቶት ደብዳቤ ይጽፋል? ፖስታውን ከሺሺንዳው ነጋዴ ከአብዱ እጅ ስትቀበይ መጀመሪያ ያልሽው ይህንን እንደሆነ አውቃለሁ። መልስ አለኝ፤ ግን ሰላምታ ይቅደም። እንዴት ከረምሽ? ያ ከዓመት ዓመት የማይለቅሽ ራስ ምታት ትንሽ እንኳ ፋታ ሰጠሽ? የባለቤትሽ የጋሽ ኤርምያስ ወገብስ እንዴት ሆነ? ሃሌሉያ ትምህርቷን፣ ትንሿ ሶሲ ደግሞ ለቅሶዋን እንዴት ይዘውታል? የእናንተ ንፋስ ይሻላል ወይስ የእኛ ጭቃ? እኛ በቸሩ አምላክ ፈቃድ ሁላችንም አለን። እማዬ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ናት፤ እንሰቷን እየዞረች ስትነካካ ትውላለች። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ስለገባ ቦንጋ ጠዋት ጠዋት በጉም ትጠፋለች። ረፋድ ላይ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ቀጥሎ የመናኸሪያው ቆርቆሮ፣ በመጨረሻ እኛ ሰዎቹ ብቅ እንላለን።

ሥራ አገኘህ ወይ ላልሽኝ፣ ግማሽ አግኝቻለሁ። በአያቶቻችን ቀበሌ፣ ከደካ ከተማ በታች፣ ሚያዝያ ሃያ ሰባት የሚመረቅ የአርበኞች መታሰቢያ ድንጋይ ሊቆም ነው። ኮሚቴው ቤት ለቤት እየዞረ ስም የሚሰበስብ ሰው ሲፈልግ የታሪክ ዲግሪዬን ይዤ ሮጥኩ። ኮንትራቱ የሦስት ወር ነው። ሰብሳቢው ማን መሰለሽ? አጎታችን ጋሽ ተድላ። «አንተ ሥራህን አሳምር፤ ቋሚ ቅጥሩን ለእኔ ተወው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርጉኝ ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም። ቀጥለው የፓርቲያቸውን የአባልነት ፎርም ሰጡኝ። አጥፌ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት፤ እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ አልሞላሁትም፣ አልቀደድኩትምም።

ሥራው ራሱ ሕልም ሕልም ይላል። ከደካ ወርጄ በእግሬ ጫካውን ስገባ የቀረሮው ዛፍ ከላይ ሰማዩን ይዘጋውና ቀኑ አረንጓዴ ይሆናል። ግንዱ ሁሉ ሽበት አብቅሏል፤ ጠብታዋን ቅጠል ለቅጠል እየተቀባበለ ቀስ ብሎ ያወርዳታል። አንዳንዴ ቆም ስል ከፊቴ የሚሄዱ ሰዎች ያሉ ይመስለኛል፤ ጎፈሬያቸው የረጠበ፣ ጠመንጃቸውን በእንሰት ቅጠል የጠቀለሉ። አንዱ ዞር ብሎ «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» የሚለኝ ይመስለኛል። «የኃይለመስቀል!» እላለሁ በልቤ፣ ደረቴን ነፍቼ። መቼም የቅድመ አያታችን ስም ከዝርዝሩ አንደኛ ነው። ልጆች ሆነን ከጎረቤት ስንጣላ እንኳ የምንፎክረው በእሱ አልነበር?

የቆጪቶንም ስም ታውቂዋለሽ። በጣሊያን ጊዜ ለካምፑ ማር ያመላልስ የነበረው ባንዳ፣ ዘሮቹ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት። የልጅ ልጁ ኢያሱ እዚህ ቦንጋ መምህር ነው። ዘንድሮ በተፎካካሪው ፓርቲ በኩል ለምርጫ ቀርቧል፤ ታዲያ በየሻይ ቤቱ ስሙ በተነሳ ቁጥር «ማር አመላላሹ መጣ» እየተባለ ይሳቅበታል። እኔም ስቄያለሁ፤ ለምን እዋሽሻለሁ።

የካቲት መጨረሻ ላይ እማማ በዛወርቅን፣ የአያታችንን እህት፣ ላነጋግር ሄድኩ። ሰማንያ አምስት ሞልቷቸዋል፤ ከኃይለመስቀል ልጆች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የአባታቸውን ጀብዱ እንዲያወሩልኝ ስጠይቃቸው እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ «ጻፍ እንግዲህ፤ ግን እንዳታቋርጠኝ፤ ካቋረጥከኝ እተወዋለሁ» አሉኝ።

ቆጪቶ ባንዳ አልነበረም አሉ፤ ይህን የሰሙት ከእናታቸው ነው። ካምፑ ማር ይዞ የሚገባው አይቶ ለመውጣት ነበር። ወታደሮቹ ለአሰሳ ሲሰናዱ ካየ፣ ሲመለስ ከመንገዱ ዳር ያለው ቀረሮ ላይ ይወጣና የአንዱን ቀፎ አፍ ወደ ዝናቡ ያዞረዋል። የእኛ አገር ንብ አንቢ ምንም ቢቸኩል እንዲህ አድርጎ አይሰቅልም፤ ንቡ ጥሎት ይሄዳላ! ጣሊያን ቀና ብሎ ቢያይ የተንጠለጠለ ግንድ ነው የሚታየው፤ ለሚያውቅ ሰው ግን ያ ቀፎ ይጮኻል። ኃይለመስቀል ከሩቅ አይቶት ሰዎቹን ይዞ ሰፈር ይለውጣል። ምስጢሩን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ከሌሎቹ አንዱ ተይዞ ቢገረፍ እንዳያወጣው ብለው።

ጣሊያን እንደወጣ ኃይለመስቀል ጅማ ተጠርቶ ሄደ። እሱ በሌለበት ጓዶቹ ባንዳ ነው ብለው የቆጪቶን ቤት አቃጠሉ። ኮቦውን፣ ያን ቀፎ የሚሰቅልበትን የጫካ ድርሻውን፣ ቀምተው ለአለቃቸው ሰጡት። ለኃይለመስቀል፣ ብርቅዬ። ዛሬ የእኛ የምንለው ኮቦ ያ ነው። ሲመለስ እውነቱን መናገር ይችል ነበር፤ አልተናገረም። ለሚስቱ «አብረውኝ የተራቡትን ሰዎች እንዴት ብዬ በደለኞች ናችሁ ልበላቸው?» አላት። ቆጪቶ አንድ ቀን ደጃፉ ድረስ መጥቶ «እንኳን በሰላም ገባህ» አለው፤ ሌላ ቃል ሳይጨምር ተመለሰ። «እማማ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉ?» ብላቸው «ማን ጠየቀኝ? የሚመጣው ሁሉ አባትሽ ስንት ጣሊያን ገደለ ሊለኝ ነው» አሉ፤ እንዝርታቸውንም መልሰው አነሱ።

በማር ቆረጣ ጊዜ የመጀመሪያው ቅል ማር ወንዝ ማዶ ይሄድ እንደነበር አትረሺም። አባዬ ራሱ ተሸክሞ ሄዶ ከቆጪቶ ዘሮች አጥር ሥር ያስቀምጥና ሳይጣራ ይመለሳል። ለምን ስንለው «እንዲህ ነው የሚደረገው» ነበር መልሱ። ለደሃ ጎረቤት የምንሰጠው መስሎን እንኮራበት ነበር። ለካ ኃይለመስቀል ሊሞት ሲል ያዘዘው ኖሯል። ለባለቤቱ ከራሱ ጫካ ቆርሰን ስንሰጠው ኖረናል።

ለጋሽ ተድላ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ «አክስቴ አርጅታለች» አሉ። ማስታወሻዬን ሳነብላቸው ግን ሳቁ አለቀ። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና «ስማ አሞጽ፣ ሐውልት የሚቆመው ለሞተ ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው ግን በሕይወት ያለው ነው። ምርጫው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ የኢያሱን አያት አርበኛ ብለን ድንጋይ ላይ ብንቀርጽለት ከዚህ የበለጠ ቅስቀሳ ከየት ይመጣለታል?» አሉኝ። ታሪክ ነው እኮ ብል «ታሪክ ከምርጫ በኋላም ታሪክ ነው፤ አይሻግትም! ደግሞ ነገ ኮቦውን መልሱ ቢሉን ዲግሪህን ነው የምንልሰው?» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። አባዬ የሞተ ዓመት ዩኒፎርሜን ያሰፉልኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሻንጣዬን ተሸክመው መናኸሪያ የሸኙኝ እሳቸው ናቸው። ከቢሯቸው ስወጣ የኃይለመስቀል ዝምታ ትንሽ ገባኝ። የራስን ሰው ማሳፈር ከጠላት ጥይት ይከብዳል።

ኢያሱን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጠብቄ ሻይ ልጋብዝህ አልኩት። «አጎትህ ነው የላከህ? ለባንዳ ልጅ ሻይ ከመቼ ወዲህ?» አለኝ፤ ግን ተቀመጠ። ነገርኩት። እስክጨርስ ብርጭቆውን በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየ። ስለ ምርጫ ያወራል ብዬ ስጠብቅ አንድም አላነሳም። «ማሩን ማን እንደሚያስቀምጠው እናውቅ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ነው ያላወቅነው» አለ። አባቱ፣ የቆጪቶ ልጅ፣ በሕይወት አሉ። በየዓመቱ የአርበኞች ቀን ከቤት ሳይወጡ ይውላሉ። ዘንድሮ ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጧቸውም። «የፓርቲዬ ሰዎች ቢለምኑኝም በቅስቀሳ ላይ አላወጣውም፤ አባቴ ግን ሳይሞት ይስማው» ብሎ ማለልኝ።

አሁን ለምን ደብዳቤ ወዳልሽው ጥያቄሽ ልምጣ። በኮሚቴው ደንብ በቃል ምስክርነት አዲስ ስም ሲጨመር ከመስካሪው ሌላ ከቤተሰቡ ሁለት ሰው መፈረም አለበት። ጋሽ ተድላ አልፈርምም ብለዋል፤ ሁለት ፊርማ ተሟልቶ ከመጣ ግን ደንቡን እንደማያፈርሱ ቃል ሰጥተውኛል። እማዬን ብጠይቃት «እኔ በጋብቻ የመጣሁ ነኝ፤ በኃይለመስቀል ስም ላይ አልናገርም፤ ታላቅህን ጠይቅ» አለችኝ። ስለዚህ የቀረነው እኔና አንቺ ነን። በስልክ ብነግርሽ ድምፄን ሰምተሽ ለእኔ ብለሽ እሺ ትይ ነበር፤ እንደዚያ እንዲሆን አልፈለግሁም። ብቻሽን ቁጭ ብለሽ አንብበሽ እንድታስቢበት ነው። ቋሚ ቅጥሩ ይቀር ይሆናል። በኮቦውም ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፤ የአንቺም ድርሻ አለበት። ይህን ሳልነግርሽ እንድትፈርሚ አልጠይቅሽም።

እኔ ግን ጠዋት በጉሙ ውስጥ ስሄድ ሌላ ነገር ይታየኛል። ድንጋዩ ላይ የሁለቱ ሰዎች ስም ጎን ለጎን ተቀርጾ፣ ዝናቡ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ሲወርድ። በማር ቆረጣ ደግሞ እኛና የኢያሱ ቤት አብረን ጫካ ስንገባ፣ አንዱ ዛፍ ላይ ሲወጣ ሌላው ገመድ ሲይዝ። ይሄ ልጅ ቆሞ ያልማል በይኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁን ካላለምኩ መቼ ላልም?

እማዬ ናፍቆቷን በከንፈሯ ሳይሆን በዓይኗ ነው የምትልክልሽ፤ ኮረሪማና ጥምዝ ከአብዱ ጋር ልካለች። እማማ በዛወርቅ «ያቺ ረጅሟ ልጅ» እያሉ ይጠይቁሻል። ጋሽ ተድላም ሰላም በልልኝ ብለዋል፤ ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ያውቃሉ፣ አልከለከሉኝም። ጋሽ ኤርምያስን ወገብዎን ይጠንቀቁ በይልኝ። ሃሌሉያን ግንባሯን፣ ሶሲን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

ወረቀቱ ፖስታው ውስጥ አለ። እኔ ፈርሜያለሁ፤ እጄ አልቦት ስለነበር ቀለሙ ትንሽ ተጨማልቋል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከሥሩ ያለው መስመር የአንቺ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው መጋቢት ሃያ ስምንት ነው፤ አብዱ ግን ከዚያ በፊት ይመለሳል። ከተስማማሽ ፈርሚበት። ካልተስማማሽም አልፈርምም ብለሽ በእጅሽ ጻፊበት፤ አልቀየምሽም። ባዶውን ብቻ አትመልሺልኝ።

ወንድምሽ አሞጽ

ቦንጋ፣ መጋቢት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.