የእናቴን ፊት ስላደበዘዛችሁልኝ

ለተከበሩ የባንኩ የብድር ማስመለሻ መምሪያ ኃላፊ፣
«በችግርዎ ጊዜ ከጎንዎ ነን» ለተሰኘው የድረ ገጽ አገልግሎት ባለቤት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ድካም ለማያውቀው ድረ ገጽዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ቤታችን በመጪው ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት በሐራጅ ሊሸጥ ከመሆኑ በስተቀር የሚያሳስብ ነገር የለም።

በቁጥር እንጂ በመልክ ስለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። የፊተኛው ክፍል ሥራ ቤቴ ነው፤ የኋለኛው የእናቴ መኝታ ነው። ቤቱን ያስያዝኩት የስፌት መኪና ለመግዛት ስበደር ሲሆን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳላዛንፍ ከፍያለሁ። ባለፈው ዓመት ከደረጃ ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረና አራት ወር መቀስ መያዝ አቃተኝ፤ ክፍያውም ተጓተተ። አሁን እጄ ድኗል፣ ሥራም ጀምሬያለሁ። የምለምነው የስድስት ወር ማራዘሚያ ብቻ ነበር። ይህንኑ ልነግራችሁ ቅርንጫፋችሁ ድረስ በእግሬ ብመጣ፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ እንዲህ ያለው ጉዳይ የሚስተናገደው በኢንተርኔት ብቻ እንደሆነ ነግራ ሸኘችኝ። ከዚያ በኋላ ስላገኘሁት እርዳታ በቅደም ተከተል ላመስግን።

፩ኛ. ስለ መልካም ምኞታችሁ። ድረ ገጻችሁ ሲከፈት አንዲት ጥርሷ የሚያምር ሴት የቤት ቁልፍ ይዛ ትስቃለች፤ ከሥሯ «አይጨነቁ» ይላል። እኔም ጭንቀቴን ትቼ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ያለውን ቅጽ መሙላት ጀመርኩ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ የችግሬን ምክንያት ምረጪ ተባልኩ፤ ምርጫዎቹም ፍቺ፣ ሞት፣ ጉዞ እና «ሌላ» ናቸው። «ሌላ» ብዬ ስለተሰበረው እጄ ብጽፍ፣ «ሌላ» ተቀባይነት የለውም ብሎ ወደ ገጽ አንድ መለሰኝ። ሦስት ቀን ከገጽ አንድ እስከ ገጽ አሥራ ሁለት ስመላለስ ከርሜ፣ ያልተፋታሁና ያልሞትኩ ስለሆንኩ በመጨረሻ «ጉዞ» የሚለውን ነካሁ። ወዲያው አለፈልኝ፤ «መልካም ጉዞ እንመኛለን» የሚል መልእክትም ደረሰኝ። ወዴት እንደምሄድ ከእኔ በፊት ታውቁ ኖሯል።

፪ኛ. ስለ ፎቶዎቹ። «ሁኔታዎን በሚገባ እንድንረዳ» የእያንዳንዱን ክፍል ፎቶ፣ በቀን ብርሃን፣ ከጥግ እስከ ጥግ አንስቼ እንድልክ አዘዛችሁኝ። እኔ ሞኟ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቼ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጸዳሁ፤ ገና በዳነው እጄ ግድግዳውን ቀለም ቀባሁ። ቤቷን እንዲህ የምትይዝ ሴት ዕዳዋንም አትጥልም ብላችሁ የምታምኑኝ መስሎኝ ነበር። እናቴ መጋረጃዎቹን አጥባ ተኮሰች። የመኝታ ክፍሏን ፎቶ ላነሳ ስል ደግሞ የክት ልብሷን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እዚህ ሰው እንደሚኖር ይዩት አለችኝ። አልተከራከርኳትም፤ አንስቼ ላክሁት።

፫ኛ. ፎቶዎቹን ከንቱ ስላላስቀራችኋቸው። ፎቶዎቹን በላክሁ በዘጠነኛው ቀን ጎረቤታችን፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ስልኩን ይዞ እያመነታ መጣ። በዚያው በእናንተ ድረ ገጽ ላይ የቤታችን የሐራጅ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ የተለጠፉትም እኔ ለእርዳታ የላክኋቸው ፎቶዎች ናቸው። «ብርሃን የሞላበት፣ በቅርቡ ቀለም የተቀባ፣ በጥሩ ይዞታ ላይ የሚገኝ» ይላል። የመቁረጫ ጠረጴዛዬ አለ፤ የተተኮሰው መጋረጃ አለ። እናቴም አልጋዋ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች አለች፤ ፊቷ ብቻ የግል ሕይወቷን ለመጠበቅ ሲባል ደብዝዟል። መናደድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እኔ ግን ቤቴን ለእናንተ የከፈትኩበትን እጄን ጠላሁት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና፣

«ሌላውን ሁሉ አጥርተው አሳይተው፣ እኔን ብቻ አጠፉኝ?» አለች።

ጥያቄዋን እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ። ምናልባት እርስዎ መልስ ይኖርዎት ይሆናል።

፬ኛ. ስለ ትዕግሥቴ ስላመሰገናችሁኝ። ማመልከቻዬን ስከፍተው ዛሬም «በመታየት ላይ ነው፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። ሐራጁ ቀን ተቆርጦለት፣ ማመልከቻው አንባቢ አላገኘም። ከሥሩ አገልግሎታችሁን በኮከብ እንድመዝን ተጠይቄያለሁ። ባዶ መተው ስለማይፈቅድ አንድ ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ እሷንም የሰጠሁት ቁልፍ ይዛ ለምትስቀው ሴት ነው፣ ምናልባት እሷም ፎቶዋ የት እንደዋለ አታውቅ ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን ላለመሻማት ልጠቅልል። የምጠይቀው ቤቱ በነፃ እንዲሰጠኝ አይደለም። ከሐሙስ በፊት አንድ ሰው፣ ወንበር ላይ የሚቀመጥና ስም ያለው ሰው፣ ማመልከቻዬን አንብቦ እሺ ወይም እምቢ እንዲለኝ ነው።

ለዚህ ቀና ትብብርዎ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ቤትዎ ውስጥ ጠዋት ሲነሱ መጋረጃዎን የሚገልጡበት ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ ከልብ የምመኝ፣

ታዛዥ ደንበኛዎ፣
በጥሩ ይዞታ ላይ የምገኘው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ አንድ ነገር ደብቄያችሁ ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእናቴ አልጋ በላይ ጣሪያው ያፈሳል፤ ውሃውን የምንቀበልበትን ሳፋ ለእናንተ ብዬ ከፎቶው ውጭ ገፍቼው ነበር። ዛሬ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ቤቱን ለማየት የሚመጡትን ተጫራቾች የምታስተናግደው እናቴ ናት፤ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ በመጀመሪያ ሳፋውን፣ ቀጥሎም ይህን ደብዳቤ ታሳያቸዋለች። ቅጽ አታስሞላም።